እስከ አራተኛ ፎቅ በእግሬ

ልጄ፣ የኔ ዓለም፣ ክፉ አይንካህ፤ ባለህበት ሁሉ የሚወድህ ሰው አይጥፋ። እኛ ደህና ነን። ጣሪያው ማፍሰሱን ተወ፤ እህትህም ፈተናዋን አለፈች።

የአንጀቴን ካንሰር የሚያወጡልኝ ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። «እማዬ፣ ተኚ፣ ምንም አትንኪ» ያልከኝን አልሰማሁህም፣ አትቆጣኝ። ሐኪሙ «ከኦፕራሲዮኑ በፊት ጉልበት እናጠራቅም» ብሎ፣ ገና ከተመረቀች፣ የሰውነት እንቅስቃሴ ከምታሠራ ፊዚዮቴራፒስት ጋር አገናኘኝ። ልጅቷ እረፍት የሚባል አታውቅም፤ በየቀኑ የሆስፒታሉን ደረጃ ታስወጣኛለች! ሦስት ኳስ ያለው የትንፋሽ መለማመጃም ሰጥታኛለች፤ አየር ስስብበት ሦስቱም ብድግ ይላሉ። አባትህ «ይሄ የልጅ መጫወቻ አይደል እንዴ?» ብሎ ቢሞክረው አንዷን ብቻ አነሳና አኮረፈ።

የመጀመሪያው ቀን ሁለተኛው ፎቅ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ደረጃ ያቃታት ሴት ከኦፕራሲዮኑ አልጋ እንዴት ትነሳለች ብዬ ፈራሁ። ትናንት ግን አራተኛው ፎቅ ድረስ ሳላርፍ ወጣሁ! ልጅቷ ከኋላዬ እያለከለከች «ኧረ እማማ፣ ይጠብቁኝ!» ስትለኝ ከት ብዬ ሳቅሁ። ሐኪሙም ሰምቶ «በቀኑ ኦፕራሲዮን እንገባለን» አለኝ።

እጅህ የነካው ሁሉ ይባረክልህ። አንድ ነገር ብቻ እለምንሃለሁ፤ ደውለህ ስልኩን ባላነሳ አትደንግጥ። ደረጃ ላይ ነኝ ማለት ነው።

እናትህ