ለቅሶ ደጃፍ ሲደርሱ ከሞተር ይወርዱ የነበሩት የአቶ ኑርዬ ጁማ የሕይወት ታሪክ

አቶ ኑርዬ ጁማ ከአባታቸው ከአቶ ጁማ ባድሩ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ፈዲላ ሐሰን በ1957 ዓ.ም. አርዲቦ ሐይቅ አጠገብ ተወለዱ። ወይዘሮ ፈዲላ ከአጨዳ ተመልሰው ቤት ሳይደርሱ ነበር መንገድ ላይ የተገላገሉት። እንግዲህ ችኮላው የጀመራቸው ያኔ ነው ማለት ነው።

በመንደራቸው ከሼሁ ዘንድ ቁርአን ቀርተው፣ በሐይቅ ከተማ እስከ ስምንተኛ ክፍል ተማሩ። በ1986 ዓ.ም. ከወይዘሮ ሀውራ ሙሐዲን ጋር ኒካሕ አስረው፣ ኑሯቸውን ሐይቅ ከተማ አድርገው ኢልሀምን እና ዑበይዱላህን ወለዱ። በ1989 ዓ.ም. በጤና ጽሕፈት ቤት ተቀጥረው ከውጫሌ ተነስተው የክትባት መድኃኒት በሞተር ወደ አምባሰል ገጠር ማድረስ ጀመሩ። በክረምት ጭቃው ጎማ ሲውጥ፣ በበጋ ድንጋዩ ሲያንገጫግጭ ኖረዋል። ጭቃ ለብሰው ሲገቡ ወይዘሮ ሀውራ፣ "ዛሬስ አንተ ነህ ሞተሩን የነዳኸው ወይስ እሱ ነው አንተን?" እያሉ ይስቁባቸው ነበር።

አቶ ኑርዬ የማያፈርሱት አንድ ደንብ ነበራቸው። ለቅሶ ካለበት ደጃፍ ሲደርሱ ሞተሩን አጥፍተው ይወርዳሉ፤ ገብተውም "አላህ ሶብሩን ይስጣችሁ" ሳይሉ አያልፉም። ሥራ ላይ ነህ፣ እለፍ ያላቸውን ሁሉ፣ "አባቶቻችን ከበቅሎ ይወርዱ የለ? ሞተር ከበቅሎ በምን ይበልጣል?" ይሉት ነበር።

ለውጥ መጣ በተባለ ጊዜ መንገዱ ይሠራልናል ብለው ተስፋ አድርገው ነበር። ወይ ተስፋ! ጭራሽ ጦርነት መጥቶ የነበረውንም ዘጋው። በ2014 ዓ.ም. ሐይቅ ስትያዝ የወይዘሮ ሀውራ የስኳር መርፌ አለቀ። በዚያን ሰሞን ሞተር ያየ ሁሉ ሰላይ ነው ይል ስለነበር ጎረቤት ሁሉ "ተው፣ ትሞታለህ" አላቸው። አቶ ኑርዬ ግን ሚስታቸው ዓይናቸው እያየ ሲያልቁ መቀመጥ አልቻሉም፤ ቤንዚን በሃይላንድ ጠርሙስ ቀድተው በወረባቦ ቆላ በኩል ወደ አፋር ወረዱ። ጎማው ሲፈነዳ ሣር ጠቅጥቀውበት ነዱ። ሚሌ ላይ መድኃኒቱን አገኙ። በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው፣ ጨርቁ ሲደርቅ ከሚጠጡት ውሃ እያፈሰሱበት፣ እሳቸው እየተጠሙ ተመለሱ።

በመመለሻቸው አንዲት የቆላ መንደር ውስጥ ለቅሶ ነበር። ያን ቀን እንኳ ቢያልፉ ማን ይፈርድባቸው ነበር? ወረዱ። የሞተው ወጣት መርፌ ያጣ የስኳር ሕመምተኛ ኖሯል። ታናሽ እህቱ ሱረያም በዚያው ሕመም ከጥግ ተኝታ ነበር። ምን እንደያዙ የሚያውቅ ስላልነበረ ማንም አልለመናቸውም። አቶ ኑርዬ ጥቅልሉን ፈትተው እኩሌታውን ለእናቷ ሰጡ።

ቤታቸው ሲደርሱ እያለቀሱ ለወይዘሮ ሀውራ ተናገሩ። ወይዘሮ ሀውራም፣ "ጥለሃት ብትመጣ ኖሮ ፊትህን አላይም ነበር" አሏቸው። መርፌውን እያሳነሱ ከተማዋ እስክትለቀቅ ከረሙ። በዚያ መዘዝ የወይዘሮ ሀውራ ግራ ዓይን ብርሃኑን አጣ። አቶ ኑርዬ ያን ዓይን ባዩ ቁጥር አንገታቸውን ይደፉ ነበር፤ ወይዘሮ ሀውራ ግን አንድም ቀን አላነሱባቸውም።

አቶ ኑርዬ ባደረባቸው የጉበት ሕመም በሀገር ውስጥ ሲታከሙ ቆይተው፣ የካቲት 11 ቀን 2016 ዓ.ም. ወደ አኺራ ሄዱ።

ይህ ጽሑፍ ሲዘጋጅ የልጆቹ ስም ለወይዘሮ ሀውራ ተነበበላቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙና፣ "ሱረያስ?" አሉ። የጻፍነውን ደግመን አየን። "በዓይኔ የገዛኋት ልጅ ናት፤ ጻፏት" አሉ።

ስለዚህ አቶ ኑርዬ ጁማ የአንዲት ሚስት ባልና የኢልሀም፣ የዑበይዱላህና የሱረያ አባት ነበሩ። አላህ ይህን መንገዳቸውን ያቅናላቸው፤ አሚን በሉ።