የናታን ሆድና ያንተ ጋቢ

የሰላም አባት፣ እንዴት ነህ ብዬ ብጀምር ምን ብለህ ትመልስልኛለህ? ከሄድክ ወዲህ ፍቼ፣ የሲዳማ ዘመን መለወጫችን፣ አንዴ መጥቶ አለፈ። ለበዓሉ ጉዱማሌ ሜዳ አልወጣሁም። ከማን ጋር ልውጣ?

ስንት ዘመን ጭቃውን ያቦካህበት መንገድ እስከ በራችን ድረስ ድንጋይ ተነጠፈለት። አንተ ሳታየው። ይኼም ያናድደኛል። ዋናው ወሬ ግን ልጃችን ሰላም ወንድ ልጅ ወልዳለች፤ ናታን አልነው። ግንባሩ ያንተ ነው፤ ሲቆጣማ ጭራሽ አንተ።

ሰላም ወደ ሥራዋ ስትመለስ ቀን ቀን የጣሳ ወተት ጀመርንለት። ከዚያ ሆዱ ደረቀ። ሲያምጥ ፊቱ በርበሬ ይመስላል፤ ጠጠር የመሰለች ነገር ጣል አድርጎ ይጮኻል፣ አንዳንዴም እሷም የለችም። የሰፈሩ ሴት ሁሉ ሐኪም ሆነ። አንዷ ቅቤ አልሱት ትላለች፣ አንዷ ሳሙና አሹላችሁ በመቀመጫው ክተቱለት። ለቅሶህ ካለቀ ወዲህ ደጄን ያልረገጡት ሁሉ ለምክር ጊዜ አላጡም።

ልጁን ከእኔ ጋር የምትይዘው እህትህ አስቴር ናት፤ ከቡሹሎ እየተመላለሰች። ቅቤውን ይዛ ስትመጣ አይሆንም አልኳት። "የወንድሜ ቤት፣ የወንድሜ ደም! አንቺ ማን ነሽና?" አለችኝ። አየህ? አንተ ስትወጣ በገዛ ቤቴ እንግዳ ሆንኩ። ብትኖር "አስቴር፣ ቁጭ በይ" ትላት ነበር፤ እሷም ትቀመጥ ነበር።

ልጁን አዝዬ ጤና ጣቢያ ሄድኩ፤ እያጉረመረመች ተከተለችኝ። ሲስተሯ ሆዱን ዳስሳ፣ ወተቱን እንዴት ነው የምትበጠብጡት አለች። አስቴር በኩራት ቀደመችኝ፦ "ዱቄቱን ጨመር አደርግበታለሁ። ወንድሜ የለም ተብሎ ልጁ በቀጭን ወተት ይደግ እንዴ?"

ሲስተሯ አልተቆጣችም። ያደረቀው እሱ ነው አለች። ውሃውን ቀድማችሁ ለኩ፣ ዱቄቱን በጣሳው ማንኪያ ልክ፣ አናቱን ጠርጋችሁ፤ ቅቤም ሳሙናም አታስጠጉት። ለብ ባለ ውሃ እጠቡት፣ ሆዱን በቀስታ እሹት፣ እግሩን እንደ ብስክሌት አንቀሳቅሱለት። ካስመለሰው፣ ሆዱ ከተነፋ ወይም ደም ካያችሁ ቶሎ አምጡት አለችን።

አስቴር ባጃጅ ውስጥ ፊቷን አዙራ አለቀሰች። ልወቅሳት አስቤ ነበር፤ ልጁን አሳቀፍኳት። መጨረሻ ላይ እንዴት እንደከሳህ አይታለች፤ ልታወፍር የፈለገችው አንተን ነው።

ወተቱ ከተስተካከለ በኋላ አንድ ከሰዓት ብገባ፣ ጋቢህን ከሣጥን አውጥታ አንጥፋ ልጁን አስተኝታበታለች። ያን ጋቢ ከሄድክ ወዲህ አላጠብኩትም ነበር፤ ሲከፋኝ አፍንጫዬን የምቀብርበት እሱ ነው። ልጮህባት አፌን ስከፍት ናታን አማጠ፣ ቀላ፣ ከዚያ ለቀቀው! ያ ሁሉ ተጠራቅሞ የኖረው! አስቴር እልልታዋን አቀለጠችው፤ ሲወለድ እንኳን እንዲህ አላለችም። ልጁ ቀሎት ሲስቅ እኔም ሳቅኩ።

ከዚያ ጋቢውን አጠብኩት። ምን ላድርግ? ሲደርቅ አሸተትኩት፤ ሳሙና ሳሙና ይላል። አንተ የለህበትም። ጥለኸን መሄድህ ሳያንስ፣ ሽታህንም ወሰድክ። ተቀይሜሃለሁ፤ ምን እዋሽሃለሁ።

ድምፅህን ግን አላስወስድም። አስቴር ዱቄቱን ከማንኪያው አናት ከፍ ስታደርግ ባየኋት ቁጥር፣ ልክ እንዳንተ ድምፄን ወፈር አድርጌ "አስቴር፣ ቁጭ በይ" እላታለሁ። ትናንት አልኳት። ደንግጣ ዞር አለችና ተቀመጠች።

ያንተዋ፣ የሰላም እናት