ከቡራዩ ጠፋች የተባለችው ደስታነሽ ቤቷ ስለመገኘቷ

ለክቡር ፕሮፌሰር በሪሁን
የካንሰር ምርምር ተቋም ዋና ዳይሬክተር
አዲስ አበባ

ነሐሴ 2008 ዓ.ም.፣ ቡራዩ

እጅግ የተከበሩ ፕሮፌሰር፣ ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን፣ የቤተሰብዎንና የጽሑፎችዎን ጤንነት በአክብሮት እጠይቃለሁ። እኛ መንገድ ሲዘጋ ቤት እየዋልን፣ ሲከፈት ወደ ሥራ እየሮጥን፣ አለን ለማለት የሚበቃ ያህል አለን። ይህን ማለቴ ያለ ምክንያት አይደለም፤ የለንም የሚል ጽሑፍ በስምዎ ስለወጣ ነው።

ቢንያም እባላለሁ፤ የማተሚያ ቤት ሠራተኛ ነኝ። ባለፈው ወር ሽልማትዎ ሲከበር በአዳራሹ የተሰቀለውን፣ ሥራዎችዎ በዓለም ዙሪያ ስንት ሺህ ጊዜ እንደተጠቀሱ የሚያበስረውን ባነር ያተምኩት እኔ ነኝ። ዜሮዎቹ ጎላ ይበሉ ስለተባልኩ አጉልቻቸዋለሁ። አብሮ የታተመውን የሥራዎችዎን መጽሔት ሳርም ነው እህቴን ደስታነሽን እዚያ ውስጥ ያገኘኋት፤ እንኳን ደስ አለዎት። ቅሬታዎቼንም ከዚህ በታች በትሕትና አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ታኅሣሥ ላይ ባለሙያዎችዎ ሰፈራችን መጥተው ከእህቴ ጡት እብጠት ናሙና ቆርጠው በበረዶ ሣጥን ሲመለሱ፣ መሬታችንን ከአዲስ አበባ ጋር ሊያቀናጅ በታሰበው ማስተር ፕላን ቁጣ የተነሣ አሸዋ ሜዳ ላይ መንገዱ በሰፈሩ ወጣቶች በድንጋይ ተዘግቶ ጠበቃቸው። ያን ጊዜ ጎረቤታችን ኦቦ ቦጂያ ከቦዩ ዳር ርጥብ ሣር ነጭተው፣ እንደ አገሩ ወግ ለልመና ከፍ አድርገው ይዘው ከመኪናዎ ፊት ቆሙ፤ ርጥብ ሣር የያዘ ሽማግሌ ደግሞ በእኛ ዘንድ አይታለፍም። አንዱ ወጣት «ኦቦ፣ ሣጥኑ ውስጥ ቢራ ካለ ግን ይነገረን» ቢላቸው፣ «የእናትህ ሕመም ነው ያለበት፣ አንሣ» አሉት፤ ድንጋዩን ራሳቸው ወጣቶቹ አነሱት። ባለሙያዎ በመስኮት ብቅ ብሎ «በሁለት ሳምንት ውጤቱን እንደውላለን፤ እስከዚያ እብጠቱን ሌላ ሐኪም እንዳይነካው» ብሎ ሄደ። እህቴም ታዛዥ ናትና፣ ሁለቱ ሳምንት ወራት ሲሆን እንኳ አላስነካችም።

ሁለተኛ፤ መጽሔቱ ላይ እንዳነበብኩት፣ «በአካባቢው በነበረው ሁከት ምክንያት ተሳታፊዎቹን ማግኘት ስላልተቻለ ከክትትል ጠፍተዋል»። ክቡርነትዎ፣ እህቴ ያኔ በነበረችበት ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ትኖራለች፤ ስልኳንም አልቀየረችም። መኪናዎ ደግሞ የካቲት ላይ ተጨማሪ ናሙና ለመውሰድ በዚያው በወፍጮ ቤቱ በር አልፋለች፤ እኔው ራሴ መንገድ ለቅቄላታለሁ። ናሙና የሚያሳልፍ መንገድ ውጤት ሲመጣ እንዴት እንደሚዘጋ፣ ይህ ራሱን የቻለ ምርምር ይወጣዋል።

ሦስተኛ፤ ከዚያ ሣጥን ሦስት ጽሑፎች ማውጣትዎን አደንቃለሁ። እኛም ለበዓል ቅርጫ እንገባለን፤ አንዱን በሬ ከብዙ መደብ እንከፍለዋለን። መደቡ ላይ ቅርጫ ያልገባ ሰው ስም ሲጠራ ግን ሰምተን አናውቅም፤ በሦስቱም ጽሑፎችዎ ግን ቡራዩን በካርታም የማያውቁ ሰዎች በጸሐፊነት ድርሻ ደርሷቸዋል። በሬዋ ብቻ ናት ባዶ እጇን የቀረችው።

አራተኛ፤ ከጠቃሾችዎ መካከል አብዝተው የጠቀሱዎት እርስዎ ራስዎ መሆንዎን አይቻለሁ። ይህን እንደ ቅሬታ አይቁጠሩብኝ፤ ሰው ራሱን ካላከበረ ማን ያከብረዋል።

ዓመቱ ሳንጠየቅ በመሬታችን ላይ ፕላን የተነደፈበት ነበር፤ እሱም ቢሆን ጥር ላይ ቀርቷል ብለው ነግረውናል። ከገላችን የተወሰደው ግን ምን እንደሆነ እስካሁን የነገረን የለም። እብጠቱ አድጓል፤ እህቴ ሰበታ ካለው ፋብሪካ ሥራዋ ከቀረች ሰነባብታለች፣ ግራ እጇ ከትከሻዋ በላይ አልሄድ ብሏታል። ሆስፒታል ብንወስዳት «ዓይነቱን ሳናውቅ መድኃኒት አንጀምርም፤ የተቆረጠው ያለው እነሱ ዘንድ ነውና ዳግም ከመቁረጣችን በፊት ውጤቱን አምጡ» አሉን። እናንተ ዘንድ ስንደውል ክቡርነትዎ ጉባኤ ላይ ነዎት። ጉባኤው ስለ ምን እንደሆነ ብንጠይቅ፣ በሽታውን ቀድሞ ስለማወቅ ጥቅም ነው ተባልን።

የእህቴን ሕመም ባሕር ማዶ ላሉ ሊቃውንት ሁሉ ስላስተዋወቁልን ምስጋናዬ ወሰን የለውም፤ አሁን ደግሞ ሕመሟን ከራሷ ጋር እንዲያስተዋውቁልን በታላቅ ትሕትና እለምናለሁ።

ዜሮዎችዎን ያጎላልዎ፣ ለወደፊቱም ለማጉላት ዝግጁ የሆነው አክባሪዎ
ቢንያም፣ የደስታነሽ ወንድም

ማስታወሻ፦ የጠፋችው ተሳታፊ ሰኞ ጠዋት በእግሯ ተቋምዎ በር ላይ ትገኛለች፤ ኦቦ ቦጂያም ርጥብ ሣራቸውን ይዘው አብረው ይመጣሉ። በእኛ በኩል ድንጋዩን አንሥተናል፤ በእርስዎ በኩል ዘበኛውን ያንሡልን።