የቅዳሜ አባት

እሑድ፣ ጥቅምት 10 ቀን 78 ዓ.ም.፤ ማታ 1 ሰዓት፤ ጊንጪ

ደግሞ ተመለስኩ። አውቶቡሱ እንደ ልማዱ፤ ሰውና እህል አንድ ላይ። ክፍሌ ቀዝቅዛለች። ክብሪቱ ረጥቧል። እንግዲህ ደብተሬ፣ የማወራው ካንተ ጋር ብቻ ነውና ስማኝ።

ልጆቼ ትናንት አምቦ፣ አክስታቸው ቤት በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ዓይናቸው ግን ቦርሳዬ ላይ። ለጉታ ኳስ፣ ለሌንሴ ብስኩትና ካራሜላ። ጉታ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ኳሱን ይዞ ወዲያው ጠፋ። ሌንሴ ገና አራት አልሞላትም። በሁለት እጇ ተቀብላ፣ ጎንበስ ብላ፣ በኦሮምኛ «ገለቶማ ኦቦ» አለችኝ። ለእንግዳ የሚባል ምስጋና፣ ያውም በአንቱታ! አክስቷ አዴ ዲንቄ «ኦቦ ታደሰ» ስለምትለኝ ስሜ መስሏታል። «አቦ» ብትለኝ አባባ ነበርኩ። «ኦቦ» ስትለኝ አቶ ሆንኩ። በአንዲት ፊደል ከአባትነት ተሰናበትኩ። እዚያው ሳቅሁ። አውቶቡስ ውስጥ ግን ሳቁ አልመጣልኝም።

እናታቸው ካረፈች ዓመት ከአምስት ወር።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 13

ጤና ጣቢያው ሰው በዝቶበት ዋለ። ቁስል ሳጥብ፣ መርፌ ስወጋ ምሳ ረሳሁ። ከሥራ በኋላ ገበያ ወጣሁ። ትንሽ ቀይ ሹራብ፣ የምታሳሳ። ገዛኋት። ልጅ ሲወዱ ከነንፍጡ ነው ይባላል። እኔ ንፍጡን ለአዴ ዲንቄ ትቼ ፍቅሩን በካራሜላ ልገዛ የምሮጥ ሰው ነኝ።

እሑድ፣ ጥቅምት 17፤ ማታ

አዴ ዲንቄ (አ.ዲ.) ዛሬ ተናገረችኝ። በአማች ወግ፣ መሬት መሬት እያየች። እኔ መጥቼ በሄድኩ ቁጥር ልጆቹ ካራሜላ ለምደው ሁለት ቀን እራት አሻፈረኝ ይላሉ። የእሷ ሦስት ልጆች ደግሞ ቆመው ያያሉ፤ ለእነሱ ከጊንጪ የሚመጣላቸው የለም። ትንሿ ልጇ የሌንሴን ቀይ ሹራብ ለብሳ ብታይ ሌንሴ ገፍፋ አስለቀሰቻት።

አፈርኩ። እንዴት አላየሁም? ተናደድኩም፤ በማን እንደሆነ አላውቅም። የሚመጣው ቅዳሜ ባዶ እጄን ነው የምሄደው።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 23፤ 10 ሰዓት፤ አምቦ

ባዶ እጄን መጣሁ። ጉታ ቦርሳዬን በረበረ። ፎጣና መጽሐፍ ቅዱስ። የት ረሳኸው አለኝ። አላመጣሁም አልኩት። ጥሎኝ ወጣ። ሌንሴ ደጃፉ ላይ ቆማ ታየኛለች። እኔ አግዳሚው ላይ፣ ተራውን እንደሚጠብቅ በሽተኛ። ለካ መስጠት እንጂ ማጫወት አላውቅም። ከራስ ልጅ ጋር ወሬ ይጠፋል? ሱቁ ቅርብ ነው። ብድግ አልኩ።

ያው ቀን፣ 12 ሰዓት

ሱቁ በር ደርሼ ተመለስኩ። ስገባ ሌንሴ ስታነክስ አየሁ። ሙጀሌ፣ አውራ ጣቷ ላይ። መርፌ በእሳት ለብልቤ ጭኔ ላይ አስቀመጥኳት። ጮኸች። ነከሰችኝ። ካራሜላ እገዛልሻለሁ ማለት ምላሴ ጫፍ ደረሰ፤ ዋጥኩት። ያማል፣ ግን ያልቃል፣ አልለቅሽም አልኳት። ደጋግሜ።

ወጣ። እሷ ግን ከጭኔ አልወርድ አለች። እናቴንም እግሯን ያማት ነበር ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ስለ እናቷ ስትጠይቀኝ የመጀመሪያዋ ነው። ነገርኳት።

እሑድ፣ ጥቅምት 24፤ 9 ሰዓት ተኩል፤ አምቦ

የመጨረሻው አውቶቡስ 10 ሰዓት ላይ ይነሣል። አንድ እግር ጫማዬ የለም። አ.ዲ. አልጋ ሥር ታያለች። ጉታ ጓሮውን ያስሳል። የማትፈልገው ሌንሴ ብቻ ናት። የገብሱ ጆንያ ላይ ወጥታ እግሯን ታወዛውዛለች። ከጆንያው ኋላ የጫማዬ ማሰሪያ ብቅ ብሎ ይታየኛል።

ጠዋት ሥራ አለብኝ። ኃላፊው ይቆጣል። ዝም ካልኳት ደግሞ ደብቆ ማግኘትን ትለምዳለች። ሁሉም ይገባኛል።

10 ሰዓት ከሩብ

ጥሩምባው ተሰማ። ሄደ። ነገ በመጀመሪያው እሳፈራለሁ፤ እንደደረስኩ ወደ አምቦ አዛውሩኝ ብዬ እጽፋለሁ። ቆርጫለሁ።

አሁን ግን ልነሣ። ቁም ሣጥኑ ሥር ገና አልፈለግሁም።