አርባ አንደኛው ፖስታ

ጥር 6
ቀኑን ሙሉ ስልክ። የልብ ድካም ጥናቱ አልቋል፤ ውጤቱን እንዲሰሙ ተሳታፊዎቹን የመጥራቱ ሥራ እኔ ላይ ወደቀ። «አንቺን ይወዱሻል» አለኝ ዶክተሩ። እሱ ሰው ሲያሞግስ ሥራ ሊጨምር ነው። የሞቱትም ቤተሰብ ይጠራል። የእህቴ ቁጥር ላይ ስደርስ ስልኩን አስቀመጥኩ...

ጥር 7
ለእህቴ ልጅ ቁርስ ላይ ነገርኳት። እናቷ ከሞተች ወዲህ እኔ ጋ ነች። «እመጣለሁ፣ ትንሿ እማ። የእማዬ ወንበር ባዶ አይሁን።» በሽተኞቹ ሁሉ «ሲስተር» ይሉኛል። ትንሿ እማ የምትለኝ እሷ ብቻ ናት፤ አፏን ስትፈታ ያወጣችልኝ ስም ነው።

ጥር 9
ዶክተሩ የታሸገውን ዝርዝር ከፈተልን። መድኃኒቱ ይሠራል፤ በደንብ ይሠራል። ሁሉም አጨበጨበ፣ እኔም አጨበጨብኩ። ከዚያ ወረቀቱ እጄ ገባ። «ለ» መድኃኒት፣ «ሀ» መድኃኒት የሌለበት ባዶ ክኒን።
«ሀ»?
ሽንት ቤት ገብቼ በሩን ቆለፍኩ።

ጥር 10
ለማንም ያልተናገርኩትን ልጻፈው። ከሁለት ዓመት በፊት ነው። ለግማሹ ሰው መድኃኒት፣ ለግማሹ ባዶ ክኒን፤ የሚለየው በታሸገ ፖስታ፣ በተራ። ፖስታው ውስጥ አንድ ፊደል ብቻ። የትኛው ፊደል መድኃኒት እንደሆነ እኛም አናውቅም። እኔ ግን አዋቂ ነኛ... «ሀ» የደረሳቸው ሆዳችንን አመመን ሲሉ ሰምቼ፣ መድኃኒቱ ይሄ ነው አልኩ። የእህቴ ተራ ደረሰ፤ አርባ አንድ። ፖስታውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሳሁት። «ለ»። የተከታዩን በሽተኛ፣ የአንድ በያጅን ፖስታ አየሁ። «ሀ»። ቀየርኩ። «አንድም ቀን እንዳያልፍሽ» እያልኩ አሥር ወር አስዋጥኳት። በአሥራ አንደኛው ቀበርናት።
ምነው ያኔ እጄን በቆረጠው።

ጥር 13
አዳራሹ ሞላ። በያጁም መጣ። ፊቱ ሞልቷል፣ ደረጃውን ሳያርፍ ወጣው። እጄን ይዞ አልለቅም አለ። «ሲስተር፣ ዕድሜ ይስጥሽ። ልጄን ለመዳር በቃሁ።» ምን አጠፋ እሱ? ግን ጠላሁት። ለአንድ ደቂቃ ያህል ጠላሁት።
የእህቴ ልጅ ተሰልፋ የእናቷን ወረቀት ተቀበለች። አንብባ ወደ እኔ መጣች። «ባዶው ነው የደረሳት። ዕድሏ ነው፤ አንቺ ምን ታደርጊ፣ ትንሿ እማ?» ብላ አቀፈችኝ።
ዕድሏማ «ለ» ነበር።

ጥር 14
ጠዋት ለዶክተሩ ነገርኩት። «ሁለት ዓመት ሙሉ ዝም ብለሽ ለምን አሁን?» አለኝ። አቀፈችኝ... ያንን መሸከም አቃተኝ። ጋዎኔን አስረክቤ ወጣሁ።
ቤት ስደርስ የእህቴ ልጅ ልብስ እያጠፈች ነበር። ነገርኳት።
«ሁለቱንም ፖስታ አየሽ?»
«አዎ።»
«እማዬ ታውቅ ነበር?»
«አታውቅም። ለእሷ ብዬ ነው...»
አላለቀሰችም። የያዘችውን ሹራብ አጥፋ ጨረሰች። የእናቷ ነበር። ከዚያ ቦርሳዋን አውርዳ ልብሷን መክተት ጀመረች።

ጥር 21
ዛሬ የቀራትን ዕቃ ልትወስድ መጣች። ቁልፍ እያላት አንኳኳች። እኔ ወጥ ቤት ነበርኩ፤ ለሁለት ሰው ሻይ ጣድኩ። ስትጨርስ በሩ ላይ ቆመች።
«ሲስተር፣ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ ትቼልዎታለሁ።»