የአባባ ዕቃና የኔ አንድ ክፍል

ነሐሴ 26 ቀን 1973፣ አርባ ምንጭ

ቤት ሳደራጅ ዋልኩ። ክፍሉን በእርምጃ ለካሁት… ቁመቱ አምስት፣ ወርዱ አራት። ለአንዲት አስተማሪ ይበቃል። ለሁለት ሰውስ? አባባ ከነገ ወዲያ ከጨንቻ ይወርዳል። እማማ ካረፈች ዓመት ሊሞላ ነው፣ ዓይኑም ደክሟል። ብቻውን እስከ መቼ? ካምባ ላለችው እህቴ ለስመኝ "እኔ ጋ ይመጣል" ብዬ ጽፌላታለሁ። መልስ የለም።

አልጋዬን በጡብ ከፍ አደረግሁት። ሻንጣዬ፣ የመጻሕፍቱ ካርቶን፣ የሽንኩርቱ ቅርጫት ሁሉ ከሥሩ ገባ። ግድግዳው ላይ ስምንት ምስማር መታሁ። ለአባባ አልጋ ከጎረቤቴ ከሻሺቱ ተዋስኩ። በመካከል የአቡጄዲ መጋረጃ… ሲያልቅ በሩ ላይ ቆሜ አየሁት። ደስ አለኝ።

ነሐሴ 28

መጣ። ግን ዕቃው! ይህን ሁሉ አልነገረኝም። የእማማ ቅሎች፣ የእንሰት መፋቂያዋ፣ ሁለት ማሰሮ፣ በጆንያ የታጨቀ ልብስ። ከሁሉም የባሰው የሽመና ዕቃው። እንጨቱ፣ ሳንቃው፣ መወርወሪያው፣ አንድም ሳይቀር በገመድ ታስሮ።

ገባና ወለሉን በተረከዙ መታ መታ አደረገ።

"ጉድጓዱን የት ልቆፍር?" አለኝ በጋሞኛ።

ሸማኔ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ሰዶ ነው የሚሠራው። የሸማኔ ልጅ ሆኜ እንዴት ረሳሁት?

"አባባ፣ ሲሚንቶ ነው። የቀበሌ ቤት አይቆፈርም።"

"እሺ፣ ደጅ።"

"ደጁም የቀበሌ ነው።"

ሳቀ። "አንቺስ የማን ነሽ?"

ጳጉሜ 2

ቀበሌ ሄድኩ። ሌላ ክፍል ቢገኝ፣ ካልሆነም ከጓሮ ትንሽ ቦታ… ሊቀመንበሩ ቀና ብሎም አላየኝ። "ጓድ አገርነሽ፣ በአንድ ክፍል ስምንት ሆነው የሚኖሩ አሉ።" እውነቱን ነው፣ አሉ። ይልቅ ለመስከረም ሁለት ሰልፍ መፈክር ጻፊ ብሎ አንድ ጣቃ ቀይ ጨርቅ አሸከመኝ። የማስቀምጥበት አጥቼ አባባ አልጋ ላይ ዘረጋሁት። ጨርቁን በጣቱ ዳበሰና "የፋብሪካ ነው፣ ነፍስ የለውም" አለ።

መስከረም 5

ቅሎቹን አንዱን በአንዱ ውስጥ ከተትኩ። የእማማን ልብስ ከፍራሼ ሥር አነጠፍኩ… ተኝቼበት ነው የማድረው። ማሰሮዎቹ መስኮቱ ላይ። አሁንም መራመጃ የለም። ዛሬ አባባ በሳንቃው ተደናቅፎ ቅልጥሙን ተላጠ። ምንም አልሆንኩም ይላል።

አባባ ከመጣ ወዲህ የሻሺቱ ሳቅ በዝቷል። አማርኛው ግራ እየተጋባበት "አንተ ሻሺቱ፣ ግባ" ይላታል። "እሺ፣ ገባሁ አባት" ትለዋለች፣ እንደ ወንድ ድምፅዋን አወፍራ።

መስከረም 12

ትምህርት ተጀመረ። የሽመና ዕቃውን ደጅ፣ ከጣራው ጠርዝ ሥር አቆምኩት። ከሰዓት ዶፍ ወረደ። ከትምህርት ቤት ስመለስ አባባ በሸሚዝ ብቻ ይንቀጠቀጣል። ጋቢው የት ሄደ? ለእንጨቶቹ አልብሷቸዋል።

ጮኽኩበት። አባቴ ላይ… "ካንተ እንጨት ይበልጣል?" አልኩት።

መስከረም 15

"መስቀልን ጨንቻ ላሳልፍ" አለኝ። ትምህርት አለ፣ መንገዱም ጭቃ ነው፣ ለከርሞ እንሄዳለን አልኩት።

ለከርሞ።

መስከረም 17

መስቀል ነው። አባባ ከበሩ አጠገብ ተቀምጦ ሽቅብ ወደ ጨንቻ ተራራ ሲያይ ዋለ። ምን ያህል እንደሚታየው እንጃ።

መስከረም 21

አደረግሁት። ምስጦች የሳንቃውን ጫፍ ጀምረውታል፣ ጎረቤቱም መተላለፊያ ዘጋሽብን እያለ ነው። ደበሌ፣ የሸማኔዎች ማኅበር ሰው፣ በደጅ ሲያልፍ ጠራሁት። "ውሰደው" አልኩ። አባባ ሻሺቱ ቤት ነበር። በሁለት ሰው ተሸክመው ሄዱ… እስኪርቁ ቆሜ ጠበቅሁ። የፈራሁት ምን ነበር? ድንገት ወጥቶ እንዳያያቸው ነው።

ሲመለስ በእጁ ግድግዳውን ይዳብሳል። እዚህ… እዚያ…

"ሰጠሽው?"

"ለማኅበሩ። ማስቀመጫ የለንም እኮ አባባ።"

"እውነትሽን ነው። የለንም።"

ራት አቀረብኩ። ጠግቤያለሁ አለ።

ጥቅምት 3

ሰሞኑን ቀን ቀን ይወጣል። የት ዋልክ ስለው "ከሰው ጋር" ይላል። ሰው ለምዷል ማለት ነው? ሲመሽ ደግሞ ደጅ መቀመጥ ይወዳል፣ ውስጥ ያፍነዋል። ትንኝ አለ፣ ግባ እለዋለሁ። "ጨንቻ ንፋስ ነበረ" ይለኛል።

ጥቅምት 15

ብርድ ብርድ አለው። ሦስት ጋቢ ደረብኩለት፣ አልጋው ይንቀጠቀጣል። ጤና ጣቢያ በጋሪ ወሰድኩት። ነርሷ ደሙን አስመርምራ "ወባ ነው" አለች። "አባባ፣ እርስዎ የደጋ ሰው ነዎት?" ከዚያ ወደ እኔ ዞራ "ለደጋ ሰው የቆላ ወባ ይከብዳል። ቶሎ ብታመጫቸው ጥሩ ነበር።" ክኒን ሰጠችን።

ቶሎ። ሁለት ቀን ጉንፋን ነው ብዬ ዝንጅብል ሳጠጣው ነበር።

ጥቅምት 19

አይበላም። ክኒኑን ያስመልሰዋል። እማማን ያነጋግራታል፣ በሩ ላይ እንደቆመች ሁሉ "ግቢ፣ ቦታ አለ" ይላታል። ቦታ አለ…

ጥቅምት 22

ጠዋት አባባ አረፈ።

ጥቅምት 27

ጨንቻ ቀበርነው፣ ከእማማ ጎን። ጸሎት ቤቱ በመንግሥት ከታሸገ ወዲህ መዝሙር ጮክ ተብሎ አይዘመርም። ሽማግሌዎቹ በከንፈራቸው ብቻ ዘመሩለት።

ስመኝ ከካምባ ደረሰች፣ አፈሩ ከተመለሰ በኋላ። አላቀፈችኝም። በሰው ፊት "ለምን አወረድሽው?" አለችኝ። ቀጥላ "የሽመና ዕቃውስ?"

"ለማኅበሩ ስጪልኝ ብሎኝ ሰጠሁ" አልኳት።

ዋሸሁ። መቃብሩ አጠገብ ቆሜ፣ እጄ ላይ አፈሩ ሳይደርቅ ዋሸሁ።

ኅዳር 9

እንቅልፍ እንቢ አለኝ። ከትምህርት በኋላ ማኅበሩ ሄድኩ። ቢመልሱልኝስ? ምን ላደርገው? አላውቅም፣ ብቻ ሄድኩ።

ደበሌ ከጉድጓዱ ወጥቶ እጄን በሁለት እጁ ያዘ። "አባትሽ ትልቅ ሰው ነበሩ" አለ። የት ታውቀዋለህ አልኩት። ግራ ገባው።

"በሰጠሽን በሦስተኛው ቀን እኮ ነው የመጡት። ከዚያ ወዲያ በየቀኑ። ዓይናቸው ባያይም ጥለቱን በጣታቸው እየዳበሱ ስህተታችንን ይነግሩን ነበር። አንቺ አይደለሽም እንዴ የላክሻቸው?"

"እኔ?"

"'ልጄ ናት የላከችኝ፣ ሥራ ፈትቼ እንዳልተክዝ አስባ ነው ዕቃውንም ለእናንተ የሰጠችው' ነበር የሚሉን። ሰው ሲመጣ ሁሉ ያወሩታል። ልጄ አስባ ነው… ልጄ አስባ ነው…"

የሰጠሁት ሳልጠይቀው እንደሆነ አንድም ሰው አልሰማም። ጥፋቴን ሸፍኖልኝ ነው የሞተው።

ዕቃውን አልጠየቅሁም።

ኅዳር 26

ስመኝ መጣች። የእማማን ነገር ልትወስድ ነው። ገና ሳትቀመጥ ቅሎቹን፣ መፋቂያውን፣ ማሰሮዎቹን ወደ በሩ ማውጣት ጀመረች። ከፍራሹ ሥር የእማማን ልብስ ስታገኝ አሽትታ ጆንያው ውስጥ ከተተች።

"ስመኝ፣ ቁጭ በይ።"

"መኪና ያመልጠኛል።"

"ዋሽቼሻለሁ። አባባ ስጪ አላለኝም። ሳልጠይቀው ነው የሰጠሁት። ጮኼበታለሁም። መስቀልን ልሂድ ሲለኝ ከልክዬዋለሁ። ሲያመውም ጉንፋን ነው ብያለሁ።"

ቆማ ቀረች። ትመታኛለች ብዬ ነበር። ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር።

"ደብዳቤሽ ደርሶኝ ነበር" አለች በመጨረሻ። "እኔ ጋ ይምጣ ልል ፈለግሁ። ባሌ ቦታ የለንም አለ። ዝም አልኩ። ሦስት ክፍል አለን፣ አገሬ። ሦስት።"

ለአባባ የተዋስኩት አልጋ ላይ ተቀመጠች። ገና ለሻሺቱ አልመለስኩትም።

"ካየሁት ስድስት ዓመት አልፎኛል፣ ለእማማ ቀብር እንኳ አልመጣሁም" አለች። "ፀጉሩ ነጥቶ ነበር? ሲበላ ምን ይወድ ነበር? ንገሪኝ።"

መኪናው አመለጣት። ከጎኗ ተቀምጬ ነገርኳት። ክፉውንም ደጉንም፣ ምንም ሳላስቀር።