የዘነዘናው መላጊያ

ግንቦት 4

ዛሬም ሙቀት። መርሳ ገና በሦስት ሰዓት ይግላል። ጋሽ ረዲ እንጨት ቤት ሰጋቱራ ጠረግኩ፣ የሁለት አልጋ እግር በብርጭቆ ወረቀት አሸሁ፣ አለቀ። ሜካኒካል ተመርቄ ሁለት ዓመት... እሳቸው «ኢንጅነር» ይሉኛል፤ ሲያሾፉብኝ። እዚያ ቤት የሚሠራ ሁሉ ግድግዳው ላይ የራሱ ሚስማር አለው፣ ገዋኑን የሚሰቅልበት። የእኔ መስኮት ላይ ይጣላል። አራት ወር ሙሉ መስኮት ላይ።

ቤት ስገባ ወንድሜ መልካሙ ከኮምቦልቻ የላከው ካርቶን ደርሷል። አብሮት ይሠራ የነበረ የውጭ ቴክኒሻን ሲሄድ የተወለት ነው። ከፈትኩት። አንድ የብረት ታች፣ ሁለት የብረት ጎን፣ ወፍራም ምላጭ፣ የነሐስ መቆለፊያ። ሲገጣጠም የእጅ መላጊያ ይሆናል። ሆዱን የሚሞላው እንጨት ግን የለም፤ እሱን ሠሪው ይፈልግ ነው ነገሩ። ሥዕል ብቻ ያለበት አንድ ወረቀት።

ሠሪው ማን ነው? እኔ ነኛ።

ግንቦት 6

ጋሽ ረዲ ብረቶቹን አገላብጠው አዩ። «የሳርዲን ቆርቆሮ ነው?» ቤቱ በሳቅ ሞላ።

«ማሽን እያለ በእጅ የሚልግ ማን አለ?»

«ማሽኑ ዋንዛውን እየነጨብዎ አይደል?» አልኩ።

ሳቁ ቆመ። እውነቴን ነው። ለአንድ ደንበኛ በር የተገዛ አምስት የዋንዛ ሳንቃ ጥግ ቆሟል። ጅማቱ ጠማማ ነው፤ ማሽኑ ውስጥ በገባ ቁጥር ፊቱ እየተቦጨቀ ይወጣል።

ጋሽ ረዲ ብረቶቹን መልሰው አቀበሉኝ፤ «እሺ ኢንጅነር። ያ ብረትሽ ዋንዛውን ሳይነጭ ከላገ የራስሽ የሥራ ጠረጴዛ እሰጥሻለሁ። እስከ ሰኔ ሃያ አምስት። ካቃተሽ ግን መጥረጊያውንም አስቀምጠሽ ትሄጃለሽ።»

«ይሁን።»

ለምን «ይሁን» አልኩ? ... ይሁን።

ግንቦት 11

አጎቴ አዳነ ከወልድያ ደወለ። መዝገብ ቤት የኮንትራት ቦታ አግኝቶልኛል። መልሴን እስከ ሰኔ መጨረሻ ይፈልጋል። «የወንበር ሥራ ነው ቃልዬ፣ ጥላ ሥር። አምስት ዓመት የተማርሽው ሰጋቱራ ለመጥረግ ነው?»

«አስቤ ልደውልልህ ጋሼ።»

«ምኑ ነው የሚታሰበው?»

ግንቦት 15

ብረቶቹ ተጋጠሙ። የታቹንና የጎኖቹን ጥርስ እርስ በርስ አስገብቼ ሦስት ቀን በትንሽ መዶሻ ቀጠቀጥኩ። ቫርኒሽ የምትቀባው ሁሪያ፣ የጋሽ ረዲ ልጅ፣ ጆሮዋን ይዛ፣ «ኸረ አንቺ ልጅ፣ ለቤቱ ሰው ሁሉ ራስ ምታት ሰጠሽው እኮ» አለችኝ። መጋጠሚያውን በሞረድ ስሞርደው መስመሩ ጠፋ። በጣቴ ፈለግኩት። የለም።

ግንቦት 19

ሲሪንቃ መንገድ ዳር ወይራ ገዛሁ። «ደርቋል?» «እንደ አጥንት» አለኝ ሻጩ። ቆርጬ ብረቱ ውስጥ አስገባሁ፣ በነሐስ ችንካር ከጎን እስከ ጎን ወጋሁ፣ ጫፎቹን ቀጥቅጬ አስተካከልኩ። ሲያምር።

ግንቦት 28

ተሰነጠቀ። በብረቱና በእንጨቱ መሐል ጥፍሬ ይገባል። እንደ አጥንት... አጥንቱ እርጥብ ነበር። የመርሳ ፀሐይ በዘጠኝ ቀን አኮማተረው።

ጋሽ ረዲ አንዴ አየት አደረጉና፣ «ይዘሽ የገባሽ ዕለት አውቄያለሁ» አሉ።

«ታዲያ ምነው ሳይነግሩኝ?»

«መች ጠየቅሽኝ?»

አቃጠሉኝ። ከሁሉ የሚያቃጥለው ግን ልክ መሆናቸው። ለመጠየቅ አፍሬ ነበር። ማሳየት ነበር የፈለግኩት።

ሰኔ 2

ቤት ሆኜ ችንካሮቹን በመሰርሰሪያ አወጣሁ። ግማሽ ቀን። እናቴ ደጃፍ ቆማ ታየኛለች። ለአጎቴ ትነግረዋለች ብዬ ነበር። ገባች፤ በር የምንደግፍበትን ትልቁን ዘነዘና ይዛ ወጣች። ስትዳር ይዛው የመጣችው።

«ይሄም ወይራ ነው» አለች።

«እማዬ፣ ይሄንማ አልቆርጠውም።»

«እህሉን ወፍጮ ቤት ነው የምወስደው። የሠላሳ ዓመት ደረቅ አይበቃሽም?»

«ጋሼ አዳነስ ሲሰማ?»

«ዘነዘናው የእሱ ነው?»

ሰኔ 3

አሁን ጠየቅኩ። «ጋሽ ረዲ፣ ይሄን ይዩልኝ።» በጥፍራቸው መቱት፣ ጆሯቸውን አስጠጉ። «ከየት አገኘሽው?» ነገርኳቸው። መጋዙን ራሳቸው አቀበሉኝ።

ሰኔ 12

እንጨቱ ገባ፣ ተቸነከረ፣ ንቅንቅ የለም። ምላጩን ስዬ በቁራጭ ሳንቃ ሞከርኩት... ይንቀጠቀጣል። እንጨቱ ላይ እንደ ቆርቆሮ ጣሪያ ሞገድ ይተዋል። ለምን?

ቀኑን ሙሉ ለምን።

ሰኔ 13

ገባኝ። ምላጩ የተኛበት እንጨት እኩል አይደለም። የሆነ ቦታ ብቻ ነክቶት ሌላው አየር ላይ ነው። የቱ ጋ ግን? በዓይን አይታይ።

«ሁሪያ፣ ኩልሽን አበድሪኝ።»

«አጃኢብ። ለማን ልትኳይ?»

«ለምላጭ።»

«እሱ ነው ያገኘሽው?» አለች። ሰጠችኝ ግን።

የምላጩን ጀርባ ኩል ቀባሁ፣ ቦታው ላይ አስተኝቼ አነሳሁት። እንጨቱ ላይ ሁለት ጥቁር ነጥብ። እሱ ነው ጉብታው። በሞረድ ቀስ ብዬ ሞረድኩት። እንደገና ቀባሁ። አራት ነጥብ። እንደገና... በዘጠነኛው መኝታው ሁሉ ጠቆረ። መንቀጥቀጡ ቆመ። የሁሪያ ኩልም አለቀ።

ሰኔ 20

አምስት ቀን መስታወት ላይ ብርጭቆ ወረቀት ለጥፌ ታቹን አሸሁ። እጄ ቆስሏል። ታቹ ግን ቀጥ ብሏል።

ሰኔ 25

ሁሉም ሥራ አቁሞ ከበበኝ። ሳንቃውን በሞርሳው መንጋጋ አጥብቄ አሰርኩ፤ ጠማማው ጅማት ያለበትን ፊት ወደ ላይ።

መጀመሪያ ላይ ነጨ። ትንሽ። ከኋላዬ አንዱ «በቃ» አለ። ምላጩን በመዶሻ ነካ አድርጌ ወደ ውስጥ መለስኩት። ደግሜ ገፋሁ። ሽሽሽ... ከሳንቃው ጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ፍቅፋቂ፣ ሳይቆረጥ። ሁሪያ አነሳችው፤ ፊቷ ላይ ስትይዘው ዓይኗ በውስጡ ይታየኛል።

ጋሽ ረዲ በእጃቸው ጀርባ ሳንቃውን ዳበሱት። በጅማቱ አቅጣጫ፣ ከዚያ በተቃራኒው። ከዚያ መላጊያውን ተቀብለው ራሳቸው ገፉ። አንዴ። ሁለቴ። ሦስቴ።

«ትሸጭልኛለሽ?»

«አልሸጥም።»

«ደግ አደረግሽ» አሉ። «ሌላውን ሳንቃ እሰሪ።»

በዚያው ላብ ወደ ወልድያ ደወልኩ። «ጋሼ፣ አመሰግናለሁ። ግን አልመጣም።»

«አብደሻል?»

«እንግዲህ...»

ስልኩን ዘጋው። ይቆጣ። ነገ ልደውልለት። መልሴ ግን ያው ነው።

ሰኔ 27

ጠዋት ስገባ ገዋኔ መስኮቱ ላይ የለም። ከመስኮቱ ሥር ፈለግኩት። ጋሽ ረዲ ቀና ሳይሉ በእርሳሳቸው ወደ ግድግዳው አመለከቱ።

ጥግ ላይ ከተለቀቀልኝ ጠረጴዛ በላይ አዲስ ሚስማር። ትንሽ ጠመም ብሏል። ገዋኔ ተሰቅሎበታል።

ለበስኩት፣ አወለቅኩት፣ ሰቀልኩት። እንደገና ለበስኩት።

ለእናቴ ከዋንዛው ትራፊ የበር መደገፊያ ላግኩላት።